ለሃያ ሦስት ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ በእጃቸው ያደረሱት የወይዘሮ ወሰንየለሽ አዳነ ዜና ሕይወት

አባቶች ካህናት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ ይልቁንም ትምህርት ቤታችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ መምህራን፤ እህታችን ወይዘሮ ወሰንየለሽ አዳነ ዛሬ መናገር ቢችሉ በሥራ ቀን ለምን ዘጋችሁ ብለው ይቆጧችሁ እንደነበር ስለማውቅ፣ ስለ እሳቸው ሆኜ እኔ ይቅር ብያችኋለሁ። እኔ የአጎታቸው ልጅ አወቀ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ያህል በመምህርነት ስሠራ ደብዳቤ ከእጃቸው ከተቀበሉት አንዱ ነበርሁና ቤተሰቡ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ ሲያዘኝ እምቢ ማለት አልቻልሁም።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከአባታቸው ከአቶ አዳነ ተክለጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮከብ በታኅሣሥ ወር 1958 ዓ.ም. ከዘመሮ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቀው በዚህች አጥቢያ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው በስምንት ዓመታቸው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። በመንደሩ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው እምብዛም ስላልነበረ፣ ልጅ የዘመተባቸውም ሆነ ዘመድ አዲስ አበባ የሄደባቸው ጎረቤቶች ሁሉ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ኮከብ ራሳቸው ማንበብ ባይችሉም አንብቦ መነሣትን አይፈቅዱም ነበርና፣ ሰውየው የሰማውን መልሶ ሳይነግርሽ ወረቀቱን አትመልሺለት ብለው ልጃቸውን ያዝዙ ነበር። በኋላ ዘመን እኛ መምህራኑ የተማረርንበት ጠባይ የመጣው ከዚያ እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመሐል ሜዳ ካጠናቀቁ በኋላ በደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው፣ በ1980 ዓ.ም. በዓለም ከተማ አካባቢ በመምህርነት ተመደቡ፤ በክረምት ትምህርትም ዲፕሎማቸውን፣ ከዚያም ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1985 ዓ.ም. የእንስሳት ጤና ረዳት ከነበሩት ከአቶ ባምላኩ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ በዕውቀቱንና ለተሥላሴን ወለዱ። አቶ ባምላኩ በግ ለመከተብ፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ መምህር ለመፈለግ በየፊናቸው ስለሚወጡ፣ ከቤታቸው የሚጠፋው ማን እንደሆነ እንኳ ጎረቤት ግራ ይገባው ነበር። ተስማምተውና ተከባብረው ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖረዋል።

በ1992 ዓ.ም. ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተዛውረው የሥርዓተ ትምህርትና የምዘና ባለሙያ ሆኑ። ሥራው ለማታውቁት፣ መጽሐፍ ሲለወጥ፣ ምዕራፍ ሲቀነስ ወይም ሲጨመር፣ የፈተና አወጣጥና የማርክ አያያዝ ሲሻሻል፣ ነገሩ በጊዜው መምህሩ ዘንድ እንዲደርስ ማድረግ ማለት ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ያን ጊዜ ስልክ አልነበረም፤ መኪና የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶችም ከሃያ ሦስቱ ስድስቱ ብቻ ስለነበሩ፣ ደብዳቤ የሚሄደው ገበያ በወጣ ሰው እጅ ነበር።

አሁን የማነበው እሳቸው ራሳቸው በየስብሰባው ሳይደብቁ ይናገሩት የነበረውን ነው። በ1997 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከሰባተኛ ክፍል ትምህርትም ጥያቄ እንደሚያካትት የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ፤ እሳቸውም እንደ ልማዱ አባዝተው ቅዳሜ ገበያ ለወጡ ሰዎች አደሉ። ቆላ ወርዶ ላለው ለዋርካ ውሃ ትምህርት ቤት የሚሄደውን የተቀበሉት አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም፤ ፖስታው ላይ ግን ክብ ማኅተም አዩ፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደግሞ በየሰው እጅ የሚንከራተት አይደለምና፣ ትምህርት ቤቱ ሲፈልገው መጥቶ ይጠይቀኛል ብለው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከግብር ደረሰኛቸው ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። አደራቸውን አልበሉም፤ ደብዳቤው በሐምሌ ሲገኝ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም ነበር። ፈተናው ግን በሰኔ አልፏል፤ ከተፈተኑት ሠላሳ አራት ልጆች ያለፉትም አምስት ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱ የመምህራኑ ስንፍና ነው የሚል ወሬ ሲነሣ፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ማንም ሳይጠይቃቸው ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው በጽሑፍ አመለከቱ፤ የተጻፈባቸው ማስጠንቀቂያም እስከ ዛሬ ከማኅደራቸው አልወጣም፤ ይውጣልኝ ብለውም አያውቁም። ከዚያም ገደሉን በእግራቸው ወርደው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዋርካ ውሃ ወላጆች ፊት ቆሙና፣ ልጆቻችሁ ሰነፎች አይደሉም፣ መምህራኑም አልበደሏችሁም፣ ደብዳቤውን ሰጥቼ መድረሱን ሳልጠይቅ አምስት ወር የተኛሁት እኔ ነኝ አሉ። አንድ አባት፣ ታዲያ ይህን ስለነገሩን ልጁ ያልፋል ወይ ብለው ጠየቋቸው። ወይዘሮ ጌታነሽ የሚባሉ እናት ግን፣ እኔ ልጄ ትምህርት አልገባት ያለ መስሎኝ በጥር ልድራት ቃል ሰጥቻለሁ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነስ ቃሌን አፈርሳለሁ ብለው ተነሡ። ልጂቱ ጽናት ትባላለች፤ ክፍሉን ደግማ አለፈች።

ከወደቁት ሃያ ዘጠኝ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የተመለሱት አሥራ አንድ ነበሩ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ያልተመለሱትን የአሥራ ስምንቱን ልጆች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከቆዳ ቦርሳቸው ውስጠኛ ኪስ አኖሩት፤ ሃያ ዓመት ሙሉም ይዘውት ዞሩ። ወረቀቱን ከሞቱ በኋላ አይተነዋል፤ ከእጥፋቱ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ አንድም ደብዳቤ በሰው አልላኩም። በአይሱዙ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ መኪና ከሚቆምበት ደግሞ በእግራቸው እየተጓዙ፣ ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልለው ሃያ ሦስቱንም ትምህርት ቤቶች ያዳርሱ ነበር። መምህሩ ደብዳቤውን አንብቦ የሚለውን በራሱ አፍ መልሶ ካልነገራቸው በቀር የፊርማ ደብተራቸውን አይሰጡም። እኔን የልጄ ክርስትና ዕለት ጠላ እየቀዳሁ አገኙኝና ደብዳቤውን ሰጡኝ፤ ገረፍ አድርጌ አየሁትና ገብቶኛል አልኋቸው፤ ምን ገባህ አሉኝ፤ እንግዳው ሁሉ እየሳቀ፣ ማሰሮዬን ታቅፌ፣ ስለ ተከታታይ ምዘና አንድ ገጽ ሙሉ አነበብሁ። ተናድጄባቸው ነበር። በዚያ ዓመት ግን የማርክ አያያዝ ያልተሳሳተብኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ለቅሶ ላይም ደብዳቤ ያድላሉ ተብለው ታምተዋል፤ ሐሜቱም እውነት ነው። አፈር ከለበሰና እግዜር ያጥናችሁ ከተባለ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቦርሳቸውን ይከፍቱ ነበር። ስብሰባ ስጠራ የሚቀር መምህር ለቅሶ አይቀርም፣ እኔ ምን ላድርግ ይሉ ነበር። የመምህራኑንም ቃል እንዲሁ ወደ ላይ ይወስዱ ነበር፤ አንድ ጊዜ በሞዴል ፈተና ስለ አሳንሰር ጥያቄ ወጥቶ ልጆቻችን ግራ ቢገባቸው፣ ዞን ድረስ ሄደው ሦስት ቀን ደጅ ጠንተው ጥያቄውን አሰርዘዋል።

ቴሌግራም የመጣ ጊዜ ወጣት ባልደረቦቻቸው፣ እትዬ ወሰን ከእንግዲህ ዐረፉ ብለው ቀልደውባቸው ነበር። እሳቸውም ቴሌግራሙን ተምረው ደብዳቤውን በስልክ ላኩ፤ በማግሥቱ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ። ኋላ ኔትወርክ ለወራት የጠፋ ጊዜ፣ በየትምህርት ቤቱ ሥራው ሳይዛባ የቀጠለው በእሳቸው እግር መሆኑን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ትመሰክራላችሁ።

ባለፈው ዓመት እግራቸው ማበጥ ጀምሮ ሐኪሞች ልባቸው መድከሙን ነግረዋቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ያህል ሲቀራቸው፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ በየትምህርት ቤቱ የባከኑ ቀናት ስለነበሩ ዘንድሮ ፈተናው የሚያካትታቸውን ምዕራፎች የሚዘረዝር ደብዳቤ መጣ። ቤተሰቡ ቢለምናቸውም አልሰሙም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሃያ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች አዳርሰው ወደ ዋርካ ውሃ ሊወርዱ ሲሉ አፋፉ ላይ ወደቁ፤ የአካባቢው ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አደረሳቸው፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገቡ። አልጋ ላይ ሆነው የጠየቁት ቦርሳቸውን ነበር። ልጃቸው ለተሥላሴ ደብዳቤውን በሰው ልላከው ብትላቸው፣ በሰው አይላክም አሉ፤ እንግዲያስ እኔው አደርሰዋለሁ ስትላቸው ቦርሳውን አስረከቧት። ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግሎታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ባለቤታቸውን አቶ ባምላኩን፣ ልጆቻቸውን በዕውቀቱንና ለተሥላሴን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አራት ወንድሞችና እህቶችን፣ እንዲሁም ምን ገባህ ብሎ የሚጠይቃቸው የጠፋባቸው ብዙ መምህራንን ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ የእነዚያንም የአሥራ ስምንቱን ልጆች ኑሮ ይባርክልን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ልጃቸው ለተሥላሴ ቦርሳውን ለእኔ ሰጥታኛለች፤ ደብተሩ ላይ ሃያ ሁለት ፊርማ አለ። የዋርካ ውሃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ደግሞ ያን ዳገት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተጉዛ ወጥታ ከእናቷ ከወይዘሮ ጌታነሽ ጋር እዚያ ከዛፉ ሥር ቆማለች። ካህናት አባቶቼ ይፍቀዱልኝ፤ እሳቸው ሥራቸው ሳያልቅ አፈር ባይለብሱ ደስ ይለኛል። ጽናት፣ ነይ ልጄ፣ ደብዳቤው ይኸው። እስክሪብቶውን ከመስጠቴ በፊት ግን ምን እንደሚል ጮክ ብለሽ ንገሪን፤ እሳቸውም ይስሙሽ።