ሰማንያ ሚስት

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ በደርግ ጊዜ። ካቶሊክ የሆነችው አክስቴ ያለ ፊርማም ያለ ቁርባንም ከጋሽ በቀለ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ የቄሱን ቁጣ ፈርታ ቅዳሴ ቀርታ ነበር። አንድ ቀን ከእሷ ጋር ከዲክሲስ ወደ አሰላ በላንድሮቨር ስንሄድ፣ ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንዲት አስተማሪ ስለዚሁ ፈረንጅ ቄስ ይከራከራሉ።

«የቄስ ሥራ ጸሎት ነው። ስለ መኝታ መስበክ ምን አገባቸው?» አሉ ሽማግሌው።

«ታዲያ ማን ይናገር? የቀበሌው ሊቀመንበር?»

«እሱ ከማዳበሪያ ሌላ አያውቅም!»

«አባባ፣ ስብከቱ እርስዎን ነካዎት እንዴ?»

«እኔንማ ገና ዱሮ! በፊርማ መጋባታችንን ልነግራቸው ‹የሰማንያ ሚስት አለችኝ› ብላቸው፣ ‹ሰማንያ ሚስት!› ብለው አማተቡ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ።

«ሲገባቸውስ?» አለች አስተማሪዋ።

«ሲገባቸውማ እኔንም አሮጊቴንም አቁርበው አጋቡን።»

አክስቴ ድንገት፣ «አባባ፣ ፊርማም የሌላቸውንስ ይቆጣሉ?» አለች።

«ኧረ ልጄ፣ ስብከቱ ላይ ነው እንጂ ቤታቸው ለሄደማ ሻይ ነው የሚያቀርቡት።»

እኔ አክስቴን ላለማየት በመስኮት የገብሱን ማሳ አየሁ፤ በሳምንቱ እሷ ጋሽ በቀለን ኮት አስለብሳ ቄሱ ቤት ወሰደችው።