የመጋዘኑ ጣሪያ

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ በመስኮቱ የሚታየውን ጅምር ፎቅ አጠገባቸው ላለችው ወጣት አሳዩዋት።

“ያ የእኔ ሥራ ነው። ትምህርት ቤት ነው።”

“ኮንትራክተር ነዎት?”

“ነኝ። አንቺስ?”

“የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለምን ቆመ ታዲያ?”

“ቅድመ ክፍያውን ክሊኒክ ላይ አዋልኩት።”

“የክሊኒኩስ ገንዘብ?”

“እሱን ቀድሞ መጋዘን በልቶት ነበር።”

“መጋዘኑስ አለቀ?”

“ጣሪያ ቀረው።”

“አባባ፣ ለየሥራው የየራሱን ሂሳብ ቢከፍቱለት ይሻል ነበር።”

“ልክ ነሽ። ግን ቅዳሜ ግንበኛው እጁን ሲዘረጋ፣ ብሩ የየትኛው ሥራ ነው አይልሽም።”

ሽማግሌው ወደ ኋላ የቀረውን ፎቅ ዞረው አዩት።

“ስተኛ በሕልሜ በትምህርት ቤቱ ደረጃ እወጣለሁ” አሉ። “ስወጣ ክሊኒኩ ውስጥ ነኝ። የክሊኒኩን በር ስከፍት መጋዘኑ ነው። ቀና ስል ሰማይ ነው። ነፋሱ ደስ ይላል።”

“አይፈሩም?”

“ሁሉም አንድ ቤት ነው፣ ምን ያስፈራል። የምፈራው ስነቃ ነው።”

“አሁን ወዴት እየሄዱ ነው?”

“አዲስ ውል ልፈርም። የመኖሪያ ፎቅ ነው፤ ቅድመ ክፍያውን ዛሬ ይሰጡኛል።”

“ምን ሊያደርጉበት?”

“የመጋዘኑን ጣሪያ አለብስበታለሁ። ከዚያ በኋላ በሕልሜም ዝናብ አይገባም።”

ኮንዶሚኒየማችን ደርሼ ደረጃውን ልወጣ ስል፣ እግሬን እንዳነሳሁ ቆሜ፣ ጣሪያ አለው ወይ ብዬ ወደ ላይ አየሁ።