«አባትሽ በቀን ይተኛል?»

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር፤ ከባሕሩ ወበቅ እንጂ ነፋስ አይመጣም።

የተማሪ ወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ ካሣ በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በተባለው ሰፈር ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመው ላባቸውን ሲጠርጉ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሶልያና ከዚያው ጥላ ገባች። አቶ ካሣ ከፋቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲሸሿት ነበርና። ወላጆቻቸው መጠጥ የሚያበዙ ተማሪዎችን ለይታ ለመርዳት መጠይቅ አዘጋጅታለች፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ግን አይታደልም። ሾፌር የሆነው የልጃቸው የደስታው አጠጣጥ ደግሞ ከፔካ 12 ሰፈር እስከ ሄሮን ሰፈር የታወቀ ነው፤ የደስታው ልጅ ሎሚ የምትማረውም እዚያው ትምህርት ቤት ነው።

«ጋሼ ካሣ፣ ጥላው ለሁለት ይበቃል» አለች።

«ለሁለት ይበቃል፤ ለመጠይቅሽ ግን ቦታ የለውም። ልጅን ስለ አባቱ ብርጭቆ መጠየቅ ነውር ነው። ደግሞም ወረቀትሽ ውሸታም ነው።»

«እንዴት?»

«የባለሱቁ የጃቢር ልጅ ናዒማ ለሙከራ ሞልታው ‹የጠጪ ልጅ› ብሏት የለም? ጃቢር የሐረር ሰው፣ ሰጋጅ፣ በዕድሜው ከሻይ ሌላ ያልቀመሰ! ልጁ ቤት ገብታ ብትነግረው፣ ሱቁን ዘግቶ ‹አፌን አሽትቱ› እያለ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ።»

ሶልያና ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «‹አባትሽ በቀን ይተኛል?› ‹የሚጠብቀው ነገር ሲዘገይ ይቆጣል?› ብዬ ነበር።»

«በጅቡቲ! በዚህ ወበቅ! ጫቱ ከድሬዳዋ ሲዘገይ! እንዲያማ ከሆነ ከተማው በሙሉ ሰካራም ነው፣ ልጄ።»

«ስለዚህ ነው መጠይቁ ራሱ የሚፈተነው። በሚጠጣውም በማይጠጣውም ቤት እኩል ‹አዎ› የሚያሰኝ ጥያቄ ይሰረዛል። ከሠላሳው ጥያቄ ስድስት ቀሩኝ። አሁን የምፈልገው በእርግጥ የጠጪ ልጅ የሆነ ሰው ነው።»

«ይኸው አለሁ!» አሉ አቶ ካሣ፣ ሊያሳፍሯት። «አባቴን የገደለው አረቄ ነው። ጠይቂኝ፤ አንዱም አይነካኝም።»

ተከራካሪ በራሱ ላይ ምስክር ሆኖ ሲቆም የዳኛው ፋንታ መስማት ነው። ሶልያናም የቀራትን ክርክር ዋጠች።

«አባትዎ መጠጥ እንዲተዉ ተመኝተው ያውቃሉ?»

«ተመኝቼ? ለገብርኤል በግ ተስዬ እንጂ! በጉ የጎረቤት ቢሆንም።»

«ጠርሙስ ደብቀውባቸው ያውቃሉ?»

«መደበቅ የሞኝ ነው። ግማሹን ደፍቼ ውሃ እሞላው ነበር። አባቴ ‹የዘንድሮ አረቄ አቅመ ቢስ ሆነ› ብሎ ሻጯን ሊከስ ተነሣ።» ከት ብለው ሳቁ።

«ሦስተኛው፦ የሚጠጡት በእርስዎ ጥፋት መስሎዎት ያውቃል?»

ሳቁ ተቋረጠ። ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ አባታቸው በተቀበሩ ቀን እንኳ።

«ከክፍሉ አንደኛ ብወጣ ይተዋል እል ነበር። ወጣሁ። በደስታ ጠጣ።» ላባቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ሎሚም አንደኛ ናት» አሉ።

ሶልያና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወረቀቱ አይፈርድም፣ ጋሼ። ማንን ማነጋገር እንዳለብኝ ብቻ ይጠቁመኛል። ልጅቱን ለብቻዋ ጠርቼ እሰማታለሁ፤ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ታውቃለች፤ የሸክሟን ግማሽ ጥላ ትሄዳለች። አባቷም ልታከም ካለ ሐኪሙን አሳየዋለሁ። ነገሩ ደጅ አይወጣም።»

«የቀን እንቅልፉን ሰርዘሽዋል?»

«ሰርዣለሁ።»

«ጃቢርንስ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ?»

«ሻይ ጋብዤ።»

«እንግዲያው እስክሪብቶ አምጪ።»

ወረቀቱን በሱቁ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈረሙ።

መጠይቁ በማግስቱ ታደለ። ሎሚ ለሦስተኛው፣ ለጥፋቱ ጥያቄ «አዎ» ብላ መለሰች።