ዘጠና ሁለት በመቶ ያለቀው ድልድይ

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በክረምት መግቢያ፤ የፕሮጀክት ክትትል ኃላፊው አቶ ታረቀኝ፣ ወንዙ ላይ የሚሠራውን የተማሪዎች መሻገሪያ ድልድይ ተረክበናል ብለው የወላጆች ተወካይዋ ወይዘሮ አሰገደች እንዲፈርሙ እየለመኑ ነው።

ታረቀኝ፦ አንዲት ፊርማ እኮ ናት፣ እትዬ አሰገደች። ነገ እንግዶች መጥተው ሪባን ይቆርጣሉ፤ የቀረው የእርስዎ ስም ብቻ ነው።

አሰገደች፦ መሃሉም ቀርቷል።

ታረቀኝ፦ ድልድዩ ዘጠና ሁለት በመቶ ተጠናቋል።

አሰገደች፦ አይቻለሁ። ከወዲህም ተሠርቷል፣ ከወዲያም ተሠርቷል። ስምንት በመቶው ወንዙ ያለበት ቦታ ነው።

ታረቀኝ፦ እንደሱ አይለካም። ከበጀቱ ዘጠና ሁለት በመቶው ወጥቷል፤ ስለዚህ ሥራውም ዘጠና ሁለት በመቶ ነው።

አሰገደች፦ እኔም ለልጄ ጫማ የያዝኩትን ብር መንገድ ላይ ብጨርሰው፣ ጫማ አድርጋለች ልበል?

ታረቀኝ፦ የጥበቃ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ሰሌዳው መቶ በመቶ አልቀዋል። እነሱም ይቆጠራሉ።

አሰገደች፦ ሰሌዳውንማ ከሩቅ ነው የማየው። አራት ሚሊዮን የሚለውን ቀለም ቀብታችሁ አሥራ አንድ ጽፋችሁበታል።

ታረቀኝ፦ የዋጋ ንረት ነዋ።

አሰገደች፦ እኔም ቤት ንሯል። ግን ባዶ ድስት አቅርቤ ብሉ አልልም።

ታረቀኝ፦ ተጠቃሚውን ያስቡ እንጂ። ሃያ አራት ሺህ ስምንት መቶ ሰው ነው።

አሰገደች፦ የት አለ ይሄ ሁሉ ሰው? ትምህርት ቤቱ ያሉት ስድስት መቶ ሃያ ልጆች ናቸው።

ታረቀኝ፦ መሄጃና መመለሻ ሲደመር በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ይመጣል። በሃያ የትምህርት ቀን ያባዙት።

አሰገደች፦ እንግዲያ የእኔ ፌቨን ብቻዋን አርባ ሰው ናት።

ታረቀኝ፦ በወር፣ አዎ።

አሰገደች፦ እኔ ያለችኝ አንድ ናት። ሲዘንብ በር ላይ ቆሜ መመለሷን የምጠብቅ ሰው ነኝ። እናንተ መመለሷን ቀድማችሁ ደምራችሁታል።

ታረቀኝ፦ እየተሻገሩ አይደል እንዴ? መሃሉ ላይ ሁለት አጠና አጋድመንላቸዋል።

አሰገደች፦ አጠናውም አሥራ አንዱ ሚሊዮን ውስጥ ነው?

ታረቀኝ፦ ጊዜያዊ መዋቅር ተብሎ ገብቷል።

አሰገደች፦ ማክሰኞ ዕለት የአንዷ ልጅ ቦርሳ ከዚያ መዋቅር ላይ ወደቀ። እስካሁን አልተገኘም። እኔ ስለ ቦርሳው እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ታረቀኝ፦ እንግዲያው ይፈርሙ። ካልፈረሙ ቀሪው ገንዘብ አይለቀቅም።

አሰገደች፦ ከፈረምኩስ?

ታረቀኝ፦ ከፈረሙማ... ርክክቡ አለቀ። ፋይሉ ይዘጋል።

አሰገደች፦ ብፈርምም ባልፈርምም መሃሉ የለም ማለት ነው።

ታረቀኝ፦ እባክዎ፣ እንጀራዬ ነው።

አሰገደች፦ እሺ፣ እፈርማለሁ።

ታረቀኝ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ጋ፣ ከታች።

አሰገደች፦ እዚህ አይደለም። ነገ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ተሻግሬ ማዶ እቆማለሁ። እንግዶችዎን አስከትለው ሰነዱን በድልድዩ ላይ ያምጡልኝ። እዚያ እፈርማለሁ።

ታረቀኝ፦ ምን ነካዎት? ሰማዩን አያዩትም? አጠናው ከረጠበ ያንሸራትታል፣ ሰው ይሞታል እኮ።

አሰገደች፦ ጫማዎን አውልቀው በእጅዎ ይያዙ። ፌቨን እንደዚያ ነው የምትሻገረው።