የተደበቀው መርፌ

የእንስሳት ሐኪሟ ዙልፋ ከወልድያ በመጣችበት ሚኒባስ መርሳ ወርዳ ገበያው በር ላይ ስትደርስ፣ ፍየል የሚጎትቱትን አባ ሚስባህን ድንገት አገኘቻቸው። ሽማግሌው ዘወር የሚሉበት አጡ። ፍየሏም አታሳፍሪኝ ቢሏት የምትሰማ አይደለችምና ደጋግማ ሳለች።

"አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። አንቱን ፍለጋ ነበር የመጣሁት።"

"ወዓለይኩም ሰላም። ደግ ነው ልጄ?"

"ከፍየሎችዎ አፍንጫ በጥጥ ጠርጌ የወሰድኩት ናሙና፣ ቤተ ሙከራ ገብቶ ምንም አልበቀለበትም።"

"እንግዲያ በሽታ የለማ።"

"ሳሉማ ይኸው ይሰማናል። እንስሳው አስቀድሞ መድኃኒት ከተወጋ ባክቴሪያው አይበቅልልንም። ያን ዕለት ስጠይቅዎ ግን ወላሂ አልወጋሁም አሉኝ።"

አባ ሚስባህ ፊታቸው ጋለ። ከግራና ከተማ ገበያ የገዙትን ቴትራሳይክሊን የተባለ መድኃኒት ፍየሎቻቸውን ሁለት ቀን ብቻ ራሳቸው ወግተው፣ ሳሉ ዝም ሲል አንዷን ፍየል ባሏ ለሞተባት ጎረቤታቸው ለፋንቱ በየርቢ ሰጥተዋት ነበር፤ እሷ አርብታ ግልገሉን ሊካፈሉ። በሳምንቱ ሳሉ አገረሸ፤ የፋንቱም የራሷ ሦስት ፍየሎች ተጋብቶባቸው ሞቱ። መንደርተኛው "አያያዝ አታውቅም" ሲላት፣ እሳቸውም አብረው ራሳቸውን ነቅንቀዋል።

"ሳል ሳል ነው፤ የባክቴሪያውን ስም ማወቅ ምን ይረባል?" አሉ፣ ለመከራከር ያህል።

"ሳሉ አንድ ይመስላል እንጂ የሚያመጣው ብዙ ነው። አንዱን የሚገድል መድኃኒት ሌላውን አይነካውም። ጀምረው ሲያቋርጡት ደግሞ የተረፈው ይለምደዋል። ዝርያው ከታወቀ መድኃኒቱንም ክትባቱንም ለይተን እንሰጣለን። ይህችን ለማን ሊሸጧት ነው አባባ?"

ለማን እንደሆነ አያውቁም። ሌላ ፋንቱ ልትሆን ትችላለች። ይህን ሲያስቡ ሰው ፊት ሳይሆን በገዛ ራሳቸው አፈሩ።

"ወግቻለሁ ልጄ፤ በሐሰት ነው የማልኩት። ፋንቱ ዘንድ ያልተወጋች፣ የምትስል አንዲት ፍየል ተርፋለች፤ ከሷ ውሰጅ። እኔም አብሬ ሄጄ እነግራታለሁ።"

ነገሯትም። ፋንቱ ሰምታ ፍየሏን አውጥታ ያዘችላቸው።

ከፋንቱ ፍየል የተወሰደው ናሙና በቀለ፤ ዝርያው ተለየ፤ የሚያድነው መድኃኒትም ታወቀ። የመንደሩ ፍየልና በግ ተከተበ፤ ሞቱም ቆመ። ዛሬ በዚያ መንደር ከብቱ የሳለበት ሰው መርፌ ሳይነካ ዙልፋን ያስጠራል።

አባ ሚስባህ ደግሞ ከጤነኞቹ ሦስት ፍየሎች መርጠው፣ መንደርተኛው እያየ ለፋንቱ ነዱላት።

"የርቢ አይደሉም፤ ያንቺ ናቸው። ያያያዝ ጉድለት የነበረው እኔ ዘንድ ነው" አሉ።

ፋንቱ ፍየሎቹን ተቀበለች።

"የኔዎቹ ሲሞቱ ጥፋቱ የራሴ መስሎኝ፣ ዱዓ አድርጉልኝ ብዬ የመጣሁት አንቱ ዘንድ ነበር" አለቻቸው። "አድርገውልኝም ነበር።"