ሸክም የፈለገችው ባቡር

ለልጅ ልጄ ልደት የመጫወቻ ባቡር ልገዛ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁ። ከሁሉም ርካሿን አንስቼ በመዳፌ ብመዝናት እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ ቀለለችኝ። «የኔ ልጅ፣ ይቺ እንኳን ፉርጎ ራሷንም አትጎትት» አልኳት ባለሱቋን። «እንሞክራታ አባባ! ከጎተተች ግን ክርክር የለም፤ በጠራሁት ዋጋ ይወስዷታል» አለች። ተስማማሁና ባንኮኒው ላይ በተዘረጋው ሀዲድ ላይ ሦስቱን ፉርጎዎች ባትሪ ድንጋይ ሞልቼ ከኋላዋ ቀጠልኩባት። ጎማዋ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ግማሽ ዋጋ ልጠራ ስል፣ ባለሱቋ ለመጋዘኔ ገዝቼ ባንኮኒው ላይ ያኖርኩትን ጓጉንቸር አንስታ ባቡሯ ጀርባ ላይ ጫነችው።

«አቅም ያጣችውን ጭራሽ ትጭኚባታለሽ?» ብዬ ሳቅሁ። «የምትንሸራተተው እኮ ቀልላ ነው» አለችና ማብሪያውን ተጫነች። ባቡሯ ሀዲዱን ቆንጥጣ ያዘች፤ ፉርጎዎቹን ሁሉ አስከትላም ባንኮኒውን ዞረች። በወጣትነቴ አትክልት ተራ ድንች ስሸከም፣ ጭቃው ላይ እግሬ የሚጸናው ኩንታሉ ጀርባዬ ላይ እያለ ነበር፤ የምወድቀው ባዶዬን ስመለስ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሸክሙን ስረግም ኖሬያለሁ። «እንግዲህ አባባ፣ ክርክር የለም» አለችኝ። «የለም» አልኳት፤ «ጓጉንቸሩንም አብረሽ ጠቅልዪልኝ። መጋዘኑ ለዛሬ በሽቦ ይታሰራል።»