የሚወደድ ሰው ይፈለጋል

ቅዳሜ ረፋድ፣ ኮምቦልቻ፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ፀጉር አስተካካይም የሠርግ መድረክ መሪም የሆኑት ሽመክትና ሠርግ እየቀረጸች የምትተዳደረው መቅድም ብቻ ናቸው፤ መብራት ስለጠፋ ደንበኛ የለም።

ሽመክት፦ አልሆንም አልኩሽ እኮ! ሌላ ስጪኝ። ዳኛ ልሁን፣ ፖሊስ ልሁን። ካጣሽ ሬሳ አድርጊኝ።

መቅድም፦ ፊልሙ ላይ ሬሳ የለም፣ ጋሼ።

ሽመክት፦ ጨምሪበታ። ሰው ሳይሞት ምን ፊልም አለ?

መቅድም፦ አጭር ፊልም ነው። ለሬሳ ጊዜ የለንም።

ሽመክት፦ እንግዲያው ይቅርብኝ። ሕፃን የሚደፍር ሰው ሆኜ አልታይም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። አምና ትያትር ላይ ምራቷን የምታስርብ አማት ሆና የሠራችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ አይደል? እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚሸጥላት የለም። «መጀመሪያ ምራትሽን አብዪ» ይሏታል።

መቅድም፦ ጥሩ ተጫውታለቻ!

ሽመክት፦ ጥሩ ተጫውታ ወጧ ያለ ሽንኩርት ቀረ! እኔ እንጀራዬ ሠርግ ነው። «ያ ሰውዬ» ከተባልኩ በኋላ ማን ሙሽሮች ፊት ያቆመኛል? ጎረቤቴን ከድርን ጠይቂው። የሱ ፊት እንደሆነ ያለ ምስክር ያሳስራል።

መቅድም፦ ጠይቄው ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ጉንጩ ላይ በዓይን ኩል ጠባሳ ሥሎ መጣ። ገና በር ላይ «ሃ… ሃ… ሃ…» ብሎ ሲስቅ፣ ልጅቷን ሆና የምትሠራዋ ሕፃን በሳቅ ፈረሰች።

ሽመክት፦ አይ ከድር! ጠባሳው በየት በኩል ነበር?

መቅድም፦ መጀመሪያ በቀኝ። ከሻይ በኋላ በግራ።

ሽመክት፦ ሌላ ሰው ጠፋ?

መቅድም፦ ባለጋራዡ ደመላሽም ሞክሮ ነበር። እሱ ደግሞ ጥርሱን እያፋጨ ገባ። እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ሰው የትኛዋ እናት ናት «ግባ፣ ቤት የእግዜር ነው» የምትለው?

ሽመክት፦ እሱስ የትኛዋም አትለውም።

መቅድም፦ እኔ የምፈልገው ግባ የሚባለውን ነው። ሲመጣ ወንበር የሚለቀቅለት፣ ሳያስቅ የማይወጣ፣ ሰፈሩ «እሱ የሌለበት ድግስ ድግስ አይደለም» የሚለው።

ሽመክት፦ እና እኔ ትዝ አልኩሽ? እግዜር ይስጥልኝ!

መቅድም፦ ቢቀየሙኝም እውነቱ ይሄ ነው። በዚህ ከተማ እንደ እርስዎ የሚወደድ የለም።

ሽመክት፦ እንዲህ ያለ ሙገሳ ተሰምቶም አይታወቅ። ደግሞ ጽሑፍሽን አንብቤዋለሁ፤ ስህተት አለበት።

መቅድም፦ የቱ ጋ?

ሽመክት፦ ሰውየው በመጣ ቁጥር ልጅቷ ከቀሚሷ ሥር ሁለት ሱሪ ትደርባለች ይላል። በኮምቦልቻ ሙቀት! እኔ በአንድ ሸሚዝ እየቀለጥኩ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ልጅ የት አለ? ይሄን የነገረሽ ሰው ዋሽቶሻል።

መቅድም፦ ማንም አልነገረኝም።

ሽመክት፦ ታዲያ ከየት አመጣሽው?

መቅድም፦ አንደኛው ሱሪ ሰማያዊ ነበር። የወንድሜ ነው። ስለሚረዝመኝ ከእግሩ እያጠፍኩ ነበር የምለብሰው።

ሽመክት፦ መቅድም… ልጄ…

መቅድም፦ ይቀመጡ፣ ጋሼ። ሰው ቆሞ ሲያዝንልኝ አልወድም።

ሽመክት፦ ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ! ምላጩ ይኸው እዚህ ነው!

መቅድም፦ ያስቀምጡት፣ እጅዎን ይቆርጥዎታል። ሰውየው ሞቷል። አርባው ሲወጣ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። «ልጅ ወዳድ ነበር» እያሉ ሲያለቅሱ ካሜራዬ ንቅንቅ አላለም። መቼም ቀረጻ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ሽመክት፦ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ…

መቅድም፦ አይውቀሱት። ፊልሙ ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ ልጅቷ ነው። ለአክስቷ ትነግራታለች፤ አክስቷ ታምናታለች። ከዚያ ታድጋለች።

ሽመክት፦ አድጋስ?

መቅድም፦ ሠርግ ትቀርጻለች፣ ክትፎ ሲገኝ ትበላለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ግትር ፀጉር አስተካካይ ስትለምን ትውላለች።

ሽመክት፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ሞኙ ከሆንኩ አንቺ ወረቀቷ ነሽ። ግን ስሚኝማ። እኔን ልጆች ይወዱኛል። ሠርግ ላይ «ጉንጬን ያልሳመ ከረሜላ የለውም!» ስል አዳራሹ እንዴት እንደሚሆን አይተሻል። ከፊልሙ በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ከእኔ ቢጎትቱስ?

መቅድም፦ ያንን ቪዲዮ ሁልጊዜ የማቀናብረው እኔ ነኝ።

ሽመክት፦ እና አያምርም?

መቅድም፦ ሁሌም መሳም የማይፈልግ አንድ ልጅ አለ፣ ጋሼ። እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ኋላ ይላል። እናቱ «ሂድ ሳመው፣ አታሳፍረኝ!» ብላ ከጀርባው ትገፋዋለች። ሰው ይስቃል፤ እርስዎም ይስቃሉ። ልጁ ስሞ፣ ከረሜላውን ሳይልጠው ይዞት ይሄዳል።

ሽመክት፦ ለጨዋታ ነው እኮ!

መቅድም፦ አውቃለሁ። እርስዎ ምንም የለብዎትም። ልጁ ግን «አልፈልግም» ብሎ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው «አልፈልግም» ማለት እንደማይሠራ አስተማረው። የእኔም እናት ክፉ ሆና አይደለም ያ ሰውዬ ሲመጣ «ሂጂ ጋሼን ሳሚ» ያለችኝ። ጨዋ ልጅ እንድባልላት ነው።

ሽመክት፦ …ነገ ሠርግ አለብኝ።

መቅድም፦ አለብን። የምቀርጸው እኔ ነኝ።

ሽመክት፦ እናቶቹ ቢጎትቱብኝስ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።

መቅድም፦ ይጎትቱብዎት። ከእርስዎ የተጎተተች ልጅ ከሌላውም ትጎተታለች። እርስዎ ደግሞ ይችሉታል።

ሽመክት፦ በአፍሽ ቀላል ነው! ያቺ ሕፃንስ? እሷ ፊት እኔ ምን አደርጋለሁ?

መቅድም፦ ምንም። እሷን እናቷ ባለችበት ለብቻዋ ነው የምቀርጻት፤ ከእርስዎ ጋር አትገናኝም። እርስዎ ይገባሉ፣ ወንበር ይለቀቅልዎታል፣ ይቀልዳሉ፣ ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው የተዘጋ በር ብቻ ነው።

ሽመክት፦ መሳቅ ብቻ? ኩል የለ፣ መነጽር የለ?

መቅድም፦ የሠርግ ሳቅዎን ነው የምፈልገው። ምንም እንዳይጨምሩበት።

ሽመክት፦ ይሄማ ከጠባሳው ይብሳል።

መቅድም፦ አዎ፣ ይብሳል።

ሽመክት፦ ቀረጻው ሰኞ ስንት ሰዓት ነበር ያልሽው? ለባለቤቴ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።

ሰኞ ጠዋት ሽመክት ከሁሉም ቀድመው ቀረጻው ቦታ ተገኙ፤ ባለቤታቸውም አብረዋቸው መጡ።